ላክሽ

ዳንግላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር
እናቴ የምታከራየው አንድ ክፍል ነበር፤
ጭቃው ከማገሩ ሁለት ጣት የተላቀቀ፣
በሩ የፀሐይን መውጫ ቆሞ የጠበቀ።
ከህንድ የመጣ መምህር ገባበት፣ ናቴሳን የሚባል፣
የእንጨት ኮምፓሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚውል፤
ሚስቱ ቪሻላክሺ። ስሟ ለሰፈሩ ምላስ ቢረዝም
ከፊቱ ተቆረጠ፣ ከኋላውም፤
«ላክሽ» ቀረች።

እትዬ አንጓች ባጥር ላይ፦ «ላክሽ! ማንን ላክሽ?
ለማንስ ላክሽ? ምን ብለሽ ላክሽ?»
እያለች ስታሾፍ፣ እሷ ነገሩ ባይገባት
ትስቅ ነበር፣ የአፍንጫዋ ፈርጥ እስኪያበራባት።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ዲያቆን፣
ለጽናው ፍም የማቀርብ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ የከበደ፣
አንዲት ፍም ምንጣፉ ላይ ብትወድቅ
ቄሰ ገበዙ ምን ይሉኝ እያልሁ ልቤ የራደ።
እጣን ለኔ ፍርሃት ነበር፤
ጥርስ መንከስ፣ ትንፋሽ መቁጠር።

አንድ ማለዳ ከኪዳን ስመለስ፣ ነጠላዬ ጤዛ በጤዛ፣
ከተላቀቀው ጭቃ መሀል ሾልኮ መጣ እንግዳ መዓዛ፤
ጽጌረዳ አይሉት ቅመም፣ ከኛው እጣን የማይዛመድ።
ዓይኔን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁ፣ ከሌባ በማልሻል መንገድ።

አየኋት። ጠጉሯ ገና ውኃ ያንጠባጥባል፣
መደርደሪያው ላይ የናስ ጌታ ተቀምጧል፣
ፊቱ የዝሆን፣ ሆዱ የደላው፣
የጓሯችን አበባ ከእግሩ ሥር ያለው።
እንደ ስንደዶ የቀጠነ እንጨት፣ ጫፉ ቀይ ነቁጥ ለብሶ፣
በእጇ ይዞራል፣ ክብ ይሠራል፣ ክቡን መልሶ መላልሶ፤
ባሏ በጠመኔ የሚሠራውን
እሷ በጭስ።
በግራ እጇ ቃጭል፣ አውራ ጣት የምታክል።

ከሁሉ ግን ፊቷ!
ባሕር ማዶ የከረመ ወንድሟ ድንገት ደጅ ደርሶባት
«ግባ! ግባ!» ልትለው ፈልጋ ቃሉ እንደጠፋባት፣
ጥርሷ ሁሉ ይታያል። በጸሎት ላይ! በጌታዋ ፊት!
እኔ እንዲያ ብስቅ ኖሮ ጆሮዬ ቀልቶ ባደረ ያን ዕለት።

ክረምት ገባ። መንገዱ ተቆረጠ፣ ፖስታው ቀረ፣
የእንጨቶቹ ሳጥን ባዶውን አደረ።
ሦስት ቀን ላክሽ ዝናቡን ስታይ ዋለች፣
ቃጭሏን እንኳ አላነሣች።
እትዬ አንጓች መቀነቷን ፈታ፣ በቻግኒ በኩል የመጣ፣
እንባ እንባ የሚመስል የመተከል እጣን አወጣች፦
«እንኪ፤ ያንቺንም እግዜር ጦም አታሳድሪ» አለች።

ላክሽ ባሮጌው እንጨት ጫፍ እጣኑን ልትተክል ሞከረች፤
ወደቀ። በሰም አጣበቀችው፤ ወደቀ። ሳቀች።
እግሬ ነው ሳያማክረኝ የሄደ፣
ከእናቴ ምድጃ፣ በእንስራ ስባሪ፣ ፍም የወሰደ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ጭሱ ተነሣ፤ የማውቀው፣ የሰንበት ሌሊቱ ጭስ፣
በዝሆኑ ፊት ዞረ፣ ሳያፍር፣ ሳይቀንስ።
በመዳፏ ጨልፋ ፊቷን አበሰችበት፣
ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ አንተስ እንደማለት።
እሱን ተዉት።

ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። ብዙ ዝም አሉ።
«ፍሙን ከየት ወሰድህ?»
«ከእናቴ ምድጃ።»
«ከጽናው አይደለም?»
«አይደለም፣ አባ።»
«እንግዲያ እናትህን አስፈቅድ» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ባውቶቡስ ሄዱ፣ ጃንጥላው ከሻንጣው ታስሮ።
ለኔ የቀረኝ የእንጨቱ ማቆሚያ ነው፣ ናሱ ዳር ዳሩን ጠቁሮ፣
መሀሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ።
ቄስ አልሆንሁም፤ መሬት ቀያሽ ሆንሁ፣
በቀዳዳዋ እርሳስ ተከልሁ።
አንዳንድ ማለዳ ታዲያ፣ ቢሮው ሳይሞላ በፊት፣
እርሳሱን ሦስቴ አዞራለሁ፣ ማንም በሌለበት።
ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤
ጥርሴ ግን ይታያል።

አንጓች አርፋለች፤ አጥሩም በብሎኬት ተተክቷል።
ላክሽ፣
ለማን እንደላክሽው እንጃ፤
ሳቁ ግን አድራሻ ስቶ
እኔ ጋ ወርዷል።